የጠፍሩ ሌላኛው ጫፍ

አንድ ጊዜ፣ ጅብ የምንጭ ጠባቂ በሆነበት ዘመን፣ ከገደሉ ሥር በሚፈልቀው ውሃ ዙሪያ የሚኖሩ እንስሳት እርስ በርስ መተማመን ትተው ነበር። ጅብን ማን እንደሾመው በትክክል የሚያውቅ የለም። አንበሳ ነው ይባላል፤ አንበሳ ግን በሩቁ ተራራ ላይ አርጅቶ ተኝቷል፤ ሄዶ የጠየቀውም የለም። ጅብ ራሱ «ተሹሜያለሁ» ብሎ መጣ፣ ቀበሮ «አዎ፣ ተሹሟል» አለ፣ በቃ። እኔ እንደሆነ ጅብ ውሃ ልጠብቅ ሲል ከሰማሁ ስለ ውሃው አልጨነቅም፤ ልጆቼን ነው የምቆጥረው።

የጅብ አጠባበቅ እንዲህ ነበር። ውሃ ሊጠጣ የሚወርደውን ሁሉ ከዳር ሆኖ ያያል። ደከም ያለውን፣ ወፈር ያለውን፣ ብቻውን የመጣውን ያስቆመዋል። «ውሃውን አደፈረስህ» ይለዋል። ከዚያ ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ ከምንጩ በላይ ወዳለው ዋሻ ይወሰዳል። ከዋሻው የሚመለስ ነበር፤ የማይመለስም ነበር። የተመለሰው ስለ ቆይታው ሲጠየቅ ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ «ደኅና ነው» ይላል። ስላልተመለሰው የሚጠይቅ ግን ጠፋ። ነገሩ ለጅብ ጆሮ ይደርሳል ብሎ ጎረቤት ጎረቤቱን ጠረጠረ። ሚዳቋ እንኳ ከእህቷ ጋር ስትግጥ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ሆነ።

አንድ ቀን የአህይት ልጅ፣ ገና ጥርሱ ያልጠነከረ ውርንጭላ፣ ውሃ ሊጠጣ ወርዶ ሳይመለስ ቀረ። አህይት መጀመሪያ ባሏን ላከች። ባሏ እስከ መንገዱ አጋማሽ ሄዶ የጅብ ሽታ ሲሸተው ተመለሰና ሣር ይግጥ ጀመር፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለዚህ ነው። ቀጥላ ወደ በሬ ሄደች። የበሬ ቀንድ ትልቅ ነው፤ ሲናገርም ሁሉ ይሰማዋል።

«አያ በሬ፣ አንተ ብትጠይቅልኝ አይንቁህም» አለችው።

«እትዬ አህይት፣ ዝም አይነቅዝም» አላት በሬ፣ ዓይኑን ከሣሩ ሳያነሳ። «ዝም ብትይ ይለቁት ይሆናል። ደግሞ እኔ ዘንድ መጣሁ ብለሽ ለማንም እንዳትናገሪ።»

ሄዳ ሄዳ ከጃርት ጉድጓድ ደጅ ደረሰች። ጃርት ትንሽ ናት፤ ድምፅዋም ሩቅ አይሰማም። አንድ ጠባይ ግን አላት፤ የጀመረችውን ጉድጓድ ሥሩን ሳታገኝ አትተወውም። አህይት ነግራት ሳትጨርስ እሾኋን አራግፋ ወደ ምንጩ ወረደች። እንስሳቱ ሁሉ ጎንበስ ብለው በሚጠጡበት ሰዓት ከጅብ ፊት ቆመች።

«አያ ጅቦ፣ የአህይት ልጅ የት ነው?»

«ጉዳዩ በምርመራ ላይ ነው» አለ ጅብ።

«ምርመራው የት ነው የሚካሄደው?»

«ከዋሻው።»

«እንግዲያው እንግባና እንየው።»

ጅብ ሳቀ። ጅብ ሲስቅ ደስ ብሎት እንዳይመስላችሁ። ጃርት ግን በማግስቱም መጣች፤ ያንኑ ጠየቀች። ከዚያም «የፍየሏስ ልጅ? የሚዳቋዋስ ወንድም?» እያለች ጨመረች። በሦስተኛው ጊዜ ላይ፣ ውሃ የሚጠጡት እንስሳት አንድ በአንድ ቀና ማለት ጀመሩ። ጅብን ያስደነገጠው የጃርት ጥያቄ ሳይሆን ይህ ቀና ማለት ነው። ወደ ቀበሮ ሮጠ።

«ልብላት» አለው።

«ሁሉ እያየ? ደግሞ እሾኋ ጉሮሮህን ይቀደዋል» አለ ቀበሮ። «አያ ጅቦ፣ ፍርድ ቤት አለልህ አይደል እንዴ?»

«ፍርድ ቤት ይበላታል?»

«ቀስ እያለ ይበላታል።»

ጅብ ይህን ሲሰማ ምራቁን ዋጠ። መብላት የሚለው ቃል እንጂ ቀስ የሚለው አልገባውም።

የአገሩ ዳኛ ጭላዳ ዝንጀሮ ነበር። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክትና ትከሻው ላይ የወረደው ጠጉር ከሩቅ ሲያዩት ያስፈራል። ከቅርብ ሲያዩት ግን ጭንቅላቱን ያክካል፤ ዓይኑም ሁልጊዜ ወደ ጅብ ይሸሻል። ከትልቁ ሾላ ሥር ተቀመጠና «ከሳሽ ማነው?» አለ።

«ከሳሽ ጅብ ነው፤ ነገረ ፈጁ እኔ ነኝ» አለ ቀበሮ። «ክቡር ዳኛ፣ ተከሳሽ ጃርት በጀርባዋ ስለታም መሣሪያ ታጥቃ ከሕዝብ ምንጭ ዳር ተይዛለች።»

«እሾኼ ነው» አለች ጃርት። «ከእርሱ ጋር ነው የተፈጠርኩት።»

«ይያዝልኝ» አለ ቀበሮ። «ገና ከልጅነቷ ጀምሮ መታጠቋን ራሷ አምናለች።»

«ምስክር አለህ?»

«ዓሣ አለን፣ ክቡር ዳኛ። ከውሃው ውስጥ ሆኖ ሁሉን አይቷል። አሁን ውሃው ሙሉ ስለሆነ መውጣት አልተመቸውም፤ በጋ ገብቶ ውሃው ሲጎድል ቀርቦ ይመሰክራል። እስከዚያ ተከሳሿ በዋሻ ትቆይልን።»

አንድ ሁለቱ ሊስቁ ከጀላቸውና ከጎናቸው ማን እንደቆመ አይተው ተዉት። ዳኛው ጭንቅላቱን አከከ። «ተቀጥሯል» አለ።

እንግዲህ ዋሻ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ስነግራችሁ ግን ደስ እያለኝ አይደለም። ዋሻውን የሚጠብቁት የጅብ ዘመዶች እሾኋን ነቀሉት። በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ዛሬ ከጀርባ፣ ነገ ከጎን፣ «ለኤግዚቢት ይፈለጋል» እያሉ። የነቀሉበት ቦታ ደማ፣ ቆሰለ። ምንጩ ከሥሯ ሲንፎለፎል ይሰማታል፤ የምትጠጣው ግን ከዋሻው ግድግዳ የሚንጠባጠበውን ነበር። ጨለማው ውስጥ ሌሎች ትንፋሾች እንዳሉ ታውቃለች። አንድ ቀን ጠባቂው ሲያንቀላፋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የአህይት ልጅ፣ አለህ?» አለች። ከሩቁ ጥግ አንዲት ቀጭን ማናፋት ተሰማች። ያኔ ጃርት አለቀሰች፤ ልጁ በሕይወት አለ።

አህይት ደግሞ ሥራ ሥር እየለቀመች በአቁማዳ ትልክላታለች። ሥራ ሥሩ ተረግጦም ተበትኖም ይደርሳታል፤ ለጅብ ሥራ ሥር ምኑም አይደለም። አቁማዳው ግን አንድም ቀን ተመልሶ አያውቅም። አህይት ስትጠይቅ «በምርመራ ላይ ነው» ይሏታል። ጃርት ከዋሻው ጥግ ሆና ጅብ አቁማዳውን ሲቆረጥም፣ ቆዳው ከጥርሱ ሥር ሲንቋቋ ትሰማ ነበር። ሰምታ አስቀመጠችው።

በቀጠሮው ቀን እሾህ አልባ ሆና ስትወጣ፣ እንስሳቱ ያን ሮዝ ቆዳዋን አይተው አቀረቀሩ። ዳኛው ራሱ አፈረ መሰለኝ፤ «በዋስ ትውጣ» አለ። አህይት ዋስ ልትሆን ቀረበች።

«ሰኮናዋ ያልተሰነጠቀ ነው፤ ግትር ናት፤ ዋስ አትሆንም» አለ ቀበሮ።

በግ ቀረበ።

«የዚህ ደግሞ ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፤ ሁለት ልብ ነው፤ አይታመንም።»

በመጨረሻ ኤሊ መጣች። ኤሊ ሰኮና ስለሌላት ቀበሮ የሚለው አጣ። ዳኛውም ጃርትን ለቀቃት። ጃርት ግን የሾላውን ጥላ ሳትወጣ ጅብ ቀድሞ ጠበቃት፤ «ስትወጪ የዳኛውን ጥላ ረግጠሻል፤ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው» አላት። በመጣችበት መንገድ ወደ ዋሻው መለሳት። ይህ ነገር ደጋግሞ ሆነ። ዳኛው ይለቃል፣ ጅብ ይይዛል፣ ቀበሮ አዲስ ክስ ያመጣል፣ ዓሣው አይመጣም። ክረምቱ መግፋቱን ያወቀችው ከዋሻው ግድግዳ የሚወርደው ጠብታ ሲበረታ ነው።

እንዲህ ባለው ቀጠሮ በአንዱ፣ ጃርት የምትለው እንዳላት ጠየቀች።

«ክቡር ዳኛ፣ የአባቶቻችን ሕግ ቁራኛ የሚባል ነገር ያውቃል። ከሳሽ ተከሳሹ ይታሰርልኝ ካለ፣ ፍርዱ እስኪሰጥ ራሱም ከተከሳሹ ጋር በአንድ ማሰሪያ ይታሰራል። ዋሻውን ትቼ ከከሳሼ ጋር መቆራኘት እፈልጋለሁ።»

ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚያነሳው ጠፍቶ ነበር እንጂ። ቁራኛው ቢሞት የተቆራኘው ደሙን ይጠየቃል። ማሰሪያውን የበጠሰ ደግሞ ሌላ ነገር ሳይታይ ይፈረድበታል።

ቀበሮ ጆሮው ቆመ። ጅብን ወደ ዳር ጎትቶ ወሰደው።

«ይህች ጃርት ያለ ነገር አትለምንም። እምቢ በል።»

ጅብ ግን ዓይኑ ከጃርት ጀርባ አልተነሳም። እሾህ የለም። የለሰለሰ ሥጋ ብቻ ነው፤ ያውም ከአንገቱ ጋር ታስሮ አብሮት የሚውል፣ አብሮት የሚያድር ሥጋ። «ታማለች እኮ» አለ። «ራሷ ትሞት ይሆናል። ከሞተች ወዲያ ማን ይቀብራታል? ያው እኔ ነኛ።» ከዚያም እያነከሰ ወደ ዳኛው ቀረበና፣ እንባ እየተናነቀው፣ ለፍትሕ ሲል መታሰሩን እንደሚቀበል ተናገረ። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል።

«ይሁን» አለ ዳኛው። «በምን ይታሰሩ?»

«አንገቴ ቆስሏል» አለች ጃርት። «የልጥ ገመድ ቢሆን ይለሰልሰኛል።»

«አገኘኋት!» አለ ቀበሮ በሆዱ። ጮክ ብሎ ደግሞ፣ «ክቡር ዳኛ፣ ልጥ ማለት የዛፍ ልጣጭ፣ ለጃርት ምሳ ነው። ቆርጥማው ልታመልጥ ነው። በጠፍር ይሁን፤ ያውም ወፍራም ይሁን» አለ።

ጃርት አንገቷን ደፋች። አስባበት ይሁን ሳታስብበት አላውቅም። እኔ ግን ተጠራጣሪ ነኝ፤ አቁማዳውንም አልረሳሁትም።

ከሾላው ሥር ወፍራም የበሬ ቆዳ ጠፍር አምጥተው አንዱን ጫፍ በጃርት፣ ሌላኛውን ጫፍ በጅብ አንገት አሰሩ። ቀበሮ ቋጠሮውን ራሱ ፈተሸ። የጃርትን ጥርስ አየ፣ የጃርትን ጥፍር አየ፣ እንዳትነክሰው ጠፍሩ ከአፏ እንዲርቅ አደረገ። በዚያ በኩል የተረፈው ጠፍር ወደ ጅብ ተጠጋ። ሌላኛውን ጫፍ የፈተሸው አልነበረም።

መጀመሪያ ላይ ጅብ ደስ ብሎት ነበር። ጃርትን ከጎኑ አስተኝቶ እስክትሞት ይጠብቃል፤ «ደኅና አደርሽ ወይ?» ይላታል ጠዋት ጠዋት። «ደኅና ነኝ፣ አያ ጅቦ» ስትለው ፊቱ ይጠቁራል። ጃርት ሳትሞት ሰነበተች። እንዲያውም ከብርሃኑና ከንጹሑ አየር ጋር ቁስሏ ጠገገ። ከቁስሉ ሥር ደግሞ ጥቃቅን ጥቋቁር ነገሮች ብቅ ብቅ ይሉ ጀመር። ዳኛው በቀጠረ ቁጥር እሾኋ አደገ። አንድ ጠዋት ጅብ እንደ ልማዱ ተጠግቶ ሊያሸታት ሲል አፍንጫውን ወጋው።

ከዚያ ወዲህ የጅብ ኑሮ ተበላሸ። ሊያድን ቢነሳ ጃርት አብራው ትነሳለች፤ አዲሱ እሾኋ ሲንኳኳ የሰማ ሁሉ ገና ከሩቅ ይጠፋል። ዘመዶቹ ሥጋ ያመጡልኛል ብሎ ጠበቀ፤ ጅብ ለታሰረ ወንድሙ ሥጋ ያመጣበት ዘመን ግን እስካሁን አልተሰማም። ሆዱ ከጀርባው ተጣበቀ። በአጠገቡ ያለውን ሥጋ መብላት አይችልም፤ የሩቁንም አይደርስበትም።

«አንተ ቀበሮ፣ ያ ዓሣህ መቼ ነው የሚመጣው?» አለው።

«በጋ ሲገባ ነዋ፣ አያ ጅቦ። ትንሽ ታገሥ።»

«ይፈረድልኝ!»

«ማስረጃ የለንም እኮ። ያለን ቀጠሮ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ክሱን ተወው፤ ፍቱኝ።»

«ክሱን ከተውን ጃርት ያንኑ ጥያቄዋን ይዛ ትመለሳለች፤ ዋሻው ይከፈታላ» አለ ቀበሮ። ይህን ሲሉ ጃርት ጀርባዋን ሰጥታ ተኝታለች፤ ጆሮዋ ግን አልተኛም።

ዝናቡ ያለማቋረጥ ወረደ። ጠፍሩ ውሃ ጠጥቶ ራሰ፣ ለሰለሰ፣ የቆዳ ሽታውም ወጣ። ጅብ ሌሊቱን ሙሉ ያን ሽታ ሲያሸት አደረ።

በነጋው ቀጠሮ ነበር። እንስሳቱ ተሰበሰቡ፤ በሬም መጥቶ ከኋላ ቆመ። ቀበሮ ጅብንና ጃርትን ከጀርባው ትቶ ወደ ዳኛው ዞረና ጀመረ።

«ክቡር ዳኛ፣ ተከሳሿ በእስር ላይ እያለች እንደገና መታጠቋን በዓይናችሁ እያያችሁ ነው። የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ይህች ጃርት ማሰሪያዋን በጥሳ ለማምለጥ እንደምታስብ በቂ ጥርጣሬ አለኝ።»

ከጀርባው አንድ ነገር ቀጭ ቀጭ አለ።

«ጥርሷ ስለታም ነው» ቀጠለ ቀበሮ። «ለሕግ ክብር የላትም።»

ቀጭ ቀጭ የሚለው በረታ። ቀበሮ ዳኛውን አየው፤ ዳኛው እርሱን አያየውም። እንስሳቱም እርሱን አያዩም። ሁሉም ከትከሻው በላይ አሻግረው ያያሉ። ቀስ ብሎ ዞረ። ጅብ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የጠፍሩን ግማሽ ውጦ ግማሹን ያኝካል። ጃርት ካቆሟት ቦታ ፈቀቅ አላለችም፤ ከአንገቷ የተንጠለጠለው ቁራጭ ብቻ መሬት ነክቷል።

«አያ ጅቦ!» አለ ቀበሮ።

ጅብ ዓይኑን ገለጠ። «ትንሽ ነው የቀመስኩት» አለ።

ማሰሪያውን የበጠሰ ይፈረድበታል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ዳኛው ጭንቅላቱን አከከ፣ ጅብን አየ፣ ቀበሮን አየ፣ ከዚያ እንደ ልማዱ «ለውሳኔ ይቀ…» ብሎ ሲጀምር፣ በሬ ከኋላ መጥቶ ከፊቱ ተኛ። ቀንዱን መሬት ላይ አሳረፈ።

«ዝም አይነቅዝም ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ነቅዟል። ከውስጤ ሲሸተኝ ከርሟል። ዛሬ ፍርዱን ሰምቼ ነው የምነሳው።»

በግ ከጎኑ ተኛ። ሚዳቋ ተኛች፤ እህቷም ፊቷን ወደ እርሷ አዙራ ተኛች። ኤሊ ድሮም እንደተኛች ነው። ዳኛው መውጫ አጣ።

«ጅብ ተረትቷል» አለ በቀጭን ድምፅ። «ጃርት ነጻ ናት። ዋሻውም ይከፈት።»

ጃርት ወደ ቤቷ አልሄደችም። አንገቷ ላይ የቀረውን ጠፍር እንኳ ሳታስፈታ ወደ ዋሻው ወጣች። የታሰሩት ዓይናቸውን ከብርሃኑ እየከለሉ አንድ በአንድ ወጡ። ውርንጭላው የመጨረሻው ነበር። አጥንቱ ይቆጠራል። አህይት ልትሮጥ ስትል ልጁ ወደ ኋላ ሸሸ።

«እናቴ መሆንሽን በምን አውቃለሁ?» አላት። «ጨለማው ውስጥ በእናቴ ድምፅ እየጠሩኝ ነበር። ጃርት ምን እንዳለችኝ ንገረኝ ይሉኝ ነበር።»

አህይት ቆመች። ልቧ ምን እንደሆነ እናት የሆነች ታውቀዋለች። ከዚያ ካለችበት ተንበረከከች። «አትምጣ፣ ልጄ» አለችው። «እኔ እዚሁ ነኝ። ስታምነኝ ትመጣለህ።» እዚያው ዋለች። ልጁ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ እርምጃ ቀረበ፤ በዚያ ቀን ከዚያ በላይ አልቀረበም።

ቀበሮ ግን ከሁሉ ቀድሞ ወደ ምንጩ ወርዶ «ያንን ጅብ እኔ ድሮም እጠረጥረው ነበር» እያለ ለሚጠጣው ሁሉ ያወራ ነበር። ቀበሮን ዛሬም ብታገኙት ይህንኑ ይነግራችኋል፤ እኔ ግን ምክሩን ለማን እየሸጠ እንደሆነ አጣራለሁ።

ጃርት ከዋሻው አፍ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አየች። ውስጡ ባዶ ነው፤ ከጥግ የተከመረው አጥንት ብቻ ይታያል። «ያልወጡትስ የት ናቸው?» አለች በዚያችው ሩቅ በማትሰማው ድምፅዋ። በዚህ ጊዜ ግን በሬ ከኋላዋ ቆሞ ያንኑ ጥያቄ ደገመው፤ የእርሱ ድምፅ ገደሉን አልፎ ተሰማ።

ከዚህ የምንማረው፣ ስለ ጠፉት የሚጠይቀውን በቀጠሮ የሚያስር የጠፍሩን ሌላኛውን ጫፍ በራሱ አንገት ላይ እንደሚቋጥር፣ ጠያቂው ሲታሰር አይቶ ዝም የሚልም ነገ የራሱ ልጅ ሲጠፋ የሚጠይቅለት እንደሚያጣ ነው።